ቦርዱ ሞቷል

ልጅ ሳለሁ አባቴ የነካው ነገር ሁሉ ይበራል ብዬ አምን ነበር። ዝም ብዬ አልነበረም፤ ማስረጃ ነበረኝ። ሰፈራችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ከመደወሉ በፊት የእኛን በር ያንኳኳል። አባቴ የክር ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊ ነበር። ቴስተሩ ከደረት ኪሱ፣ ፒንሳው ከኋላ ኪሱ አይለይም። የሰው ቤት ለጥየቃ ሄዶ እንኳ ወሬው ሳያልቅ የቤቱን ሶኬት ፈትቶ ሲያይ ታገኙታላችሁ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ባትሪ አበራለታለሁ። ከዚያ የበለጠ ሹመት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሥራ ላይ አንድ የማይጥሰው ወግ ነበረው። እጁ ሊያደርግ ያለውን አፉ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ ጮክ ብሎ መድገም አለበት። «ዘጋሁ!» ሲል «ተዘጋ!» ይባላል። «ነቀልኩ!» ሲል «ተነቀለ!» ይባላል። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ባልደረባው፣ ሌላው ሰው ሳይናገር መብራት ስለለቀቀበት አባቴ እጅ ላይ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከማይናገር ሰው ጋር አይሠራም። ቤት ውስጥ ደጋሚዋ እኔ ነበርኩ። አምፖል ሲቀየር ወንበሩን ጥርቅም አድርጌ ይዤ «ተዘጋ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ ከልቤ ነበር። አባቴ በአፉ ያላለውን በእጁ አያደርግም ብዬ ነው ያደግሁት።

ኮምፒውተሩ የእትዬ ነበር። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን የሞተችው እኔ ቆሜ መሄድ ሳልጀምር ስለሆነ ያጠበችኝም፣ ያበጠረችኝም፣ ስታመም ያደረችብኝም እሷ ናት። የሕንፃ ንድፍ ተምራ፣ ጥሩ ውጤት አምጥታ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣ ነበር። መቀመጥ ሲባል እንግዲህ የአባቴን ቱታ ማጠብ፣ ምሳውን መቋጠር፣ እኔን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ በትርፍ ሰዓቷ ደግሞ የሰው ወረቀት መተየብ ማለት ነው። በትየባው ከምታገኘው እየቆጠበች አንድ አንድ ዕቃ ትገዛና እስከነካርቶኑ አልጋዋ ሥር ታስገባለች። መጀመሪያ ባዶው ኬዝ መጣ። ቀጥሎ መብራት የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰሩ። እኔ ማታ ማታ አልጋው ሥር እየገባሁ ካርቶኖቹን አሸታለሁ። የአዲስ ላስቲክ ሽታ አላቸው፤ እስከ ዛሬ እሱ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ልቤ ይፈራል።

በዚያው ሰሞን ትልቁ ከተማ ያለ አንድ የንድፍ ቢሮ ለእትዬ የፈተና ሥራ ሰጣት። ባለ አንድ ፎቅ ቤት በራሷ ኮምፒውተር ነድፋ ማክሰኞ ጠዋት መላክ ነበረባት። ከወደዱላት ሥራው የሷ ነው። የሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮች ያንን ፕሮግራም ሲከፍቱት አቃስተው ቀጥ ስለሚሉ ተስፋዋ ሁሉ አልጋው ሥር ያሉት ካርቶኖች ነበሩ።

እኔ ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ትልቁ ከተማ በመስታወቱ ይታያል፤ እትዬ እዚሁ ወንበሯ ላይ ሆና እዚያ ትሠራለች። ሻንጣ የሚያስፈልግ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ዓርብ ዕለት አክስታችን፣ የአባቴ እህት፣ መጣች። ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ደረጃው ላይ የቤት ሥራዬን እጽፋለሁ።

«ይህች ልጅ ከሄደች ይሄን ቤት ማን ይይዝልሃል? ትንሿንስ?» አለች አክስቴ። «በኔ እንዳታስብ፤ እኔ ጉልበቴ አልቋል።»

«ምን ላድርግ? አትሂጂ ልበላት? ተምራለች እኮ።»

«አትሂጂ በላት ማን አለህ? ስንት ነገር አለ ራሱ እምቢ የሚል። አንተ ብቻ አትቸኩል።»

አባቴ ቴስተሩን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ስለ ኮምፒውተሩ የሚያወሩ መሰለኝ፤ ደግሞም አልተሳሳትኩም። እምቢ ካለ አባዬ ያበራዋል ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ መጻፌን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ እትዬ የምግብ ጠረጴዛውን አጽድታ ዕቃዎቹን ደረደረች። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣውን መመሪያ ግራ እጇ ላይ ዘርግታ ብሎን ታጠብቃለች። እያንዳንዷን መሰኪያ ከመሰካቷ በፊት ሥዕሉን ታያለች፣ ቦርዱን ታያለች፣ ደግማ ሥዕሉን ታያለች። ዕቃውን የሸጠላት ልጅ «መነጽሩ» ነው የሚባለው፤ ከፊቱ መነጽሩ ስለሚበልጥ። ሊያግዛት ፈልጎ ሱቁን ጥሎ መምጣት አልቻለም፣ እሁድ እመጣለሁ ብሏታል።

ሲያልቅ እኔን ጠራችኝ። «ነይ አንቺ ተጫኚው፤ ገድሽ ይቅናኝ።»

ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። እሷም ተጫነችው። ጭል እንኳ አላለም። ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ በሌላ ሶኬት ሞከረች፣ እንደገና ተጫነች። ፊቷ እየገረጣ ሄደ።

«አይዞሽ፤ አባዬ ይመጣል» አልኳት። በእውነት ለማጽናናት ነበር።

አባቴ ከፈረቃው ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ቆመ። እጁን በሱሪው ጠራረገ። «ማንም አይንካ» አለና ባትሪውን ለእኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ የግድግዳውን ሶኬት በቴስተር አየ፤ መብራት አለ። ገመዱን አየ፤ ደህና ነው። «ነቀልኩ!» «ተነቀለ!» ቀጥሎ ወፍራሙን መሰኪያ፣ ያንን ሽቦው ብዙ የሆነውን፣ ከማዘርቦርዱ ላይ አወጣው። በቁራጭ ሽቦ የአረንጓዴውን ሽቦ ቀዳዳ ከጥቁሩ ጋር አገናኘ። «ልለቅ ነው!» «ይለቀቅ!» የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ቩር ብሎ ዞረ። እኔ አጨበጨብኩ፤ ባትሪውም ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እትዬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«እሱ ጤነኛ ነው» አለ አባቴ። «ሂጂ እስኪ ሻይ ጣጂልኝ፤ ቀሪውን እኔ አየዋለሁ።»

እሷ ወደ ማድ ቤት ሄደች። አባቴ እንደ ወጉ ተናግሮ፣ እኔም ደግሜለት፣ መብራቱን ነቅሎ ወፍራሙን መሰኪያ መልሶ ሲጫን አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭ አለ። እትዬ ስትሰካው እንደዚያ ብሎ አልነበረም። አባቴ ድምፁን ሲሰማ እጁ ባለበት ቆመ። የደከመው መሰለኝ፤ ከሌሊት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር።

ዛሬ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እትዬ መሰኪያውን እስከ መጨረሻው አልገፋችውም ነበር፤ ችግሩ ያ ብቻ ነበር። አዲስ ዕቃ በቀላሉ አይገባም፣ እሷም እሰብራለሁ ብላ ፈርታለች። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ድኗል። አባቴም አውቋል።

ቀና ብሎ የማድ ቤቱን በር አየ። ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ጣቱን ወደ ማዘርቦርዱ ጥግ ሰደደ። እዚያ ከፊት ለፊቱ ማብሪያ የምትመጣ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ያላት፣ ከጣቴ ጥፍር የማትበልጥ መሰኪያ ነበረች። ነቀላት። ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ሌላ ቦታ ሰካት። «ነቀልኩ» አላለም። «ሰካሁ» አላለም። እኔ «ተነቀለ!» ለማለት አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ፤ የምደግመው ነገር አልሰጠኝም። በጣም ትንሽ ስለሆነች የማትነገር ይሆናል ብዬ አፌን ዘጋሁ።

እትዬ ሻዩን ይዛ መጣች። ገመዱ ተሰካ።

«ተጫኚው» አላት።

ተጫነችው። ዝም። አባቴ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና እጁን ራሷ ላይ አደረገ። እንደዚያ በለሰለሰ ድምፅ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

«ቦርዱ ሞቷል፣ ልጄ።»

እሷ አላለቀሰችም። ሻዩ ላይ ስኳር ጨምራ አማሰለችለት። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ አባቴም ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ እንባዬን በቱታው እጅጌ ጠረገልኝ። የዚያን ቀን ከምንጊዜውም በላይ ወደድኩት። ይህን ስጽፍ ያንገሸግሸኛል፤ ግን እውነቱ ያ ነው።

እሁድ ጠዋት መነጽሩ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካቻቢቴዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ። እትዬ ከበሩ ተቀብላው የሆነውን በሹክሹክታ ነገረችው። አባቴ ከጠረጴዛው ራስጌ አልተነሳም።

«ቦርድ ዝም ብሎ አይሞትም፣ ጋሼ» አለ መነጽሩ። «እኔ ሱቅ ውስጥ ሞክሬ ነው የሰጠኋት። አንዴ ከፍቼ ልየው።»

«የሞተ ዕቃ ለልጄ ሸጠህ ደግሞ ልክፈት ትላለህ?»

«ካልሠራ እቀይርላታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልሞክር፤ ማብሪያውን ትቼ መሰኪያው የሚገባባቸውን ሁለት ጥርሶች በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ባደርጋቸው...»

አባቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ኤሌክትሪክ ባለበት ራቁቱን ብረት ልታስገባ? በኔ ቤት? ሰው ሲሞት አይተህ ታውቃለህ አንተ?»

ልጁ ደነገጠ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ እንደገና አደረገ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ እስከ ማክሰኞ...»

«ልጄን እኔ አውቃታለሁ። ደህና ዋል።»

እኔ በሙሉ ልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። መነጽሩ ሲወጣ አንድ ነገር ይዞ እንዳይሄድ ኪሶቹን በዓይኔ እየፈተሽኩ እስከ አጥሩ በር ሸኘሁት። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። ሌባ እንዲህ ነው የሚያየው አልኩ በልቤ። ያ ልጅ የካቻቢቴውን ጫፍ ለቅጽበት ቢያስነካ ኖሮ ኮምፒውተሩ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር። አባቴ ይህንን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነው ጠረጴዛውን የመታው። ባልደረባውን የገደለበትን ነገር አውጥቶ ልጁን አባረረበት፤ የሞተውን ሰው ሥራ ላይ አዋለው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ እጄን ይዛ ወደ ሕዝብ ስልክ ሄድን። የመስታወት በሩን ዘግታ ስትደውል እኔ ከውጭ ቆሜ ከንፈሯን አያለሁ። ብዙም አላወራችም። ስትወጣ ምን አሉሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«አይሆንም» አለች። «በቃ፣ አይሆንም።»

ትልቁን ከተማ ጠላሁት። አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ ያልቻሉ ክፉ ሰዎች አልኳቸው። በሳምንቱ አባቴ ለእትዬ ቆዳ ጫማ ገዝቶ መጣ፤ ጥቁር፣ ባለ ትንሽ ተረከዝ፣ ለቢሮ የሚሆን። ጫማው የት እንደሚሄድ ቆየት ብሎ ታወቀ። ፋብሪካው ንብረት ክፍል ጸሐፊ ይፈልጋል፤ አባቴም ተናግሮላታል። ጎንበስ ብሎ በገዛ እጁ አጠለቀላት። ልክ ሆነላት። አክስታችን መጥታ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ እኔም እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ እሷም አመሰገነችን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅምም አጭርም ነው። እትዬ እዚያው ንብረት ክፍል ቆየች፤ ክር ስትቆጥር ዓይኗ ደከመ። ለትዳር የጠየቋት ነበሩ፤ ቆይ ትንሿ ትማር እያለች መለሰቻቸው፣ በኋላም መጠየቁ ቀረ። እኔ ተማርኩ። የደብተሬ፣ የዩኒፎርሜ፣ የኮሌጄ ነገር በሷ ትከሻ ነበር። አባቴ እኔ ኮሌጅ መግባቴን «ሴት ልጅ አንድ ከተማረች ለቤቱ ይበቃል» ብሎ ሲቃወም፣ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመችው እትዬ ናት። ያኔ እንኳ አልነቃሁም፤ ጃጅቶ ነው አልኩ። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲውል ያገላበጠችው፣ ያጎረሰችውም እሷ ነበረች። ሲሞት እኔ ከሷ በላይ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ አየኝ፤ እሷም አየችኝ።

አሁን ትልቁ ከተማ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አዎ፣ እዚያው። የአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ። ባለፈው ወር ለክፍላችን አዲስ ኮምፒውተር ተገጣጥሞ መጣና አልበራ አለ። ባለሙያው ልጅ ፓወር ሰፕላዩን ለየ፣ አረንጓዴውን ከጥቁሩ አገናኘ፣ ማራገቢያው ዞረ። እኔ ሥራዬን ትቼ አጠገቡ ቆምኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «እ! እዚህ ናት» አለና አንዲት ትንሽ መሰኪያ ነቅሎ ፈቀቅ አድርጎ ሰካት። ማብሪያውን ሲጫነው ክፍሉ በማራገቢያ ድምፅ ሞላ።

«ምንድን ናት?» አልኩት።

«የማብሪያው ናት። ቦታዋን ከሳተች ቢጫኑት ቢጫኑት አይሰማም። ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ የሞተ ይመስላል።»

«እስኪ መልሰህ አሳስታት» አልኩት።

ልጁ ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎታል። ፊቴን ሲያይ ግን እንዳልኩት አደረገ። ያቺን የጣት እንቅስቃሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በዚያ ሳምንት መጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ እትዬ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት። እስክቀመጥ እንኳ አልታገሥኩም፤ ያየሁትን፣ የገባኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። አባዬ ነው ያበላሸው፣ አልኳት፤ እኔ ባትሪ እያበራሁለት። እንድትጮህ፣ እንድትረግመው፣ ቢያንስ እንድትደነግጥ ጠብቄ ነበር። የያዘችውን አንሶላ አራት ማዕዘን አድርጋ አጥፋ ጨረሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያን ጊዜውኑ። እሁድ መነጽሩ ከተባረረ በኋላ አባዬ ፈረቃ ገባ፤ አንቺ ምሳሽን በልተሽ ተኝተሻል። ዕቃውን ወደ ካርቶኑ ልመልስ ብዬ ጎኑን ስከፍት ያቺ መሰኪያ ቦታዋ ላይ የለችም። እኔ ነኝ የሰካኋት፤ ሥዕሉን ስንቴ አይቼ! መለስኳት። ተጫንኩት።»

«እና?»

«በራ።»

ሌላ ልብስ አነሳች። የእኔ ሹራብ ነበር፤ ለመኝታ የምለብሰውን እዚያ ትቼ ነው የምሄደው።

«ልሄድ ነበር እኮ። ሻንጣውን ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄዋለሁ። ከዚያ አንቺን አየሁሽ። ይሄ ሰው እኔን የተመረቅሁትን፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ሞቷል ካለኝ፣ አንቺን ምን አይልሽም? ነገ ትምህርት የለም ቢልሽ አንቺ ትደግሚለታለሽ። ‹የለም!› ብለሽ ትጮሂለታለሽ። ከእሱ ጋር ብቻሽን ልተውሽ አልቻልኩም። አጠፋሁት፤ መሰኪያዋንም እሱ ያደረጋት ቦታ መለስኳት።»

«ስልኩስ? አይሆንም አሉ አልሽኝ እኮ።»

«እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። የቢሮው ሴትዮ እስከ ዓርብ ልንጠብቅሽ እንችላለን ብላኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነበረች።»

እጇን ያዝኩ፤ ለኔ ብለሽ ነው፣ ዕድሜሽን በሙሉ፣ እያልኩ ተንተባተብኩ። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«እንዳታመሰግኚኝ። አንድም ቀን አልቆጨኝም እንድልሽ ትፈልጊያለሽ፤ ቆጭቶኛል። አንቺ በተመረቅሽ ቀን ፎቶ ስንነሳ ሁሉ ቆጭቶኛል። ጥዬሽ ብሄድ ኖሮ እንደምንም ታድጊ ነበር፤ ልጅ እኮ ያድጋል። ይሄን ያወቅሁት ግን ካደግሽ በኋላ ነው።»

ሹራቡን አጥፋ ከሌሎቹ ልብሶች ላይ አስቀመጠችው። የእጅ ሰዓቷን አየችና ተነሳች። የማታው አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ ብላ ቦርሳዬን አቀበለችኝ።